ብረት መሣሪያ የሚሆነው መቼ ነው? ስለ እጅ ሥራ ሽጉጥና ስለሚጋጩት ሕጎቻችን የቀረበ ግልጽ ደብዳቤ

ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የሕግና ፍትሕ ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ
ለፍትሕ ሚኒስቴር
ለኢትዮጵያ ፌዴራል ፖሊስ
ለአዲስ አበባ ከተማ እና ለሸገር ከተማ የጸጥታ አካላት

ጉዳዩ፦ በአገር ውስጥ ስለሚሠሩና ስለሚቀየሩ ሽጉጦች፣ እንዲሁም በዚህ ረገድ በሕጋችንና በአፈጻጸሙ ስለሚታየው አለመጣጣም

ክቡራን፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ ከሀና ማርያም አልፎ ወደ ፉሪ በሚያወጣው መንገድ ዳር ቶርኖ ቤት (ብረት በማሽን የሚቀረጽበት ሥራ ቤት) ያለኝ የብረት ሠራተኛ ነኝ። 31 ዓመት ሙሉ አልቤሮ (የማሽን ዘንግ) ሳቃና፣ የቁሽኔታ ቤት ሳሰፋ፣ ለወፍጮ ቤቶችና ለግንባታ ማሽኖች የተበላ ጥርስ ስተካ ኖሬአለሁ። የሕግ ትምህርት የለኝም። ነገር ግን በከተማችን ዳርቻ ከሰው እጅ ወደ ሰው እጅ የሚዘዋወረው ሽጉጥ በድንበር ኬላ ብቻ የሚያልፍ ሳይሆን፣ እንደ እኔ ካለው ሥራ ቤትም የሚወጣ መሆኑን ከሙያዬ የተነሣ አውቃለሁ። ይህን የሚቆጣጠረው ሕግ የመጨረሻውን ያዥ አጥብቆ ሲይዝ ሠሪውን ሳያይ የሚያልፍ ሆኖ ስላገኘሁት፣ ዝም ማለት ከተጠያቂነት አያድነኝም ብዬ ጻፍሁ።

አስቀድሜ በቅርብ የማውቀውን አንድ ወጣት ጉዳይ ልናገር። ከሥራ ቤቴ በማይርቅ ጅምር ሕንፃ ላይ ሌሊት የሚጠብቅ፣ ከገጠር ከመጣ ሁለት ዓመት ያልሞላው፣ ቀን ቀን አልፎ አልፎ እኔ ዘንድ እየመጣ ብረት በማውረድ የሚረዳኝ ልጅ ነበረ። በአካባቢው ፌሮና ሲሚንቶ ሌሊት ስለሚሰረቅ አሠሪው ሽጉጥ ገዝቶ ሰጠው። ሽጉጡን ከውጭ ሲያዩት የፋብሪካ ሥራ ይመስላል፤ በእርግጥም ከፋብሪካ ወጥቷል፤ ሆኖም ፋብሪካው የሠራው ድምፅ ብቻ እንዲያሰማ እንጂ ጥይት እንዲያወጣ አልነበረም። ጥይት እንዲያወጣ ያደረገው እዚሁ አገር ውስጥ የነካው የብረት ሠራተኛ እጅ ነው። አንድ ሌሊት ወጣቱ ሌባ ለማባረር ወደ ሰማይ ሲተኩስ ሽጉጡ እጁ ላይ ፈነዳ። ሁለት ጣቶቹን አጣ፤ ቀኝ ዓይኑም ከዚያ ወዲህ አጥርቶ አያይለትም።

ሐኪም ቤት የደረሰው ፖሊስ ፈቃድ የሌለው መሣሪያ ይዞ በመገኘት ጠረጠረው፤ ቁስሉ ሳይሽር ቃሉን ሰጠ። ሽጉጡን ገዝቶ በእጁ ያስያዘው አሠሪ የተጠራው ለምስክርነት ነው። ለአሠሪው የሸጠለትን ሰው የፈለገ አልነበረም። ያን ደካማ ብረት ወደ መግደያነት የቀየረውን ባለሙያ ስም ማንም አልጠየቀም፤ ለእኔ እንኳ ጥያቄው ወዲያው አልመጣልኝም ነበር። ከፈነዳው ሽጉጥ የተረፈውን ቁራጭ ዘመዶቹ አሳይተውኛል። በውስጡ ዚንክ የበዛበት፣ ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ለስላሳ ቅይጥ ነው፤ የባሩድን ግፊት ሊሸከም ቀርቶ በሞርሳ አጥብቀው ቢይዙት የሚሰነጠቅ ብረት ነው። ማንም ባለሙያ ይህን አይቶ አይሳሳትም። የቀየረው ሰው የሚያደርገውን ያውቅ ነበር።

ይህ ወጣት ለብቻው በሕግ ፊት የቆመው በአጋጣሚ አይመስለኝም። የሕጋችንም ሆነ የአፈጻጸማችን ዓይን የሚያርፈው በያዡ ላይ ነው፤ ያዡ ደግሞ ብዙ ጊዜ በሰንሰለቱ ውስጥ ከሁሉ ድሃውና ከሁሉ ያነሰ የሚያውቀው ሰው ነው።

እኔ ራሴም ከዚህ ጉዳይ ጋር የተገናኘሁበት ቀን አለ። በ2015 ዓ.ም. ክረምት ላይ አንድ ጎልማሳ በፌስታል የጠቀለለውን ነገር ይዞ መጣና ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠ። የሽጉጥ አካል ነበር። «ጋሼ፣ መጫወቻ ነው፤ ትንሽ ሥራ ብቻ ትቀረዋለች» አለኝ፤ የጠራልኝ ዋጋ ለአንድ ሳምንት ከማገኘው ይበልጣል። ምን እንዲሠራለት እንደፈለገ እዚህ አልዘረዝርም፤ ምክንያቱም ይህ ደብዳቤ ለማንም ትምህርት እንዲሆን አልሻም። እንደማልሠራ ነግሬ መለስሁት። ሲወጣ ግን ፊቱ ላይ ቅሬታ እንጂ ፍርሃት አላየሁበትም፤ ሌላ የሚሠራለት እንደሚያገኝ እርግጠኛ ነበር።

በማግሥቱ በአቅራቢያዬ ወደሚገኝ አንድ ፖሊስ ጣቢያ ሄድሁ። የተቀበለኝ መርማሪ በትሕትና አዳመጠኝ፤ የእርሱን ሥነ ሥርዓት ልወቅስ አልፈልግም። የጠየቀኝ ግን እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። «ጥይት የማይተኩስ ከሆነ መሣሪያ አይደለም፤ ሊተኩስ ይችላል የሚሉ ከሆነ ደግሞ እርስዎ በምን አወቁ?» አለኝ። ቀጥሎም ሥራ ቤቴ የሚገኝበትን ቦታ ሲሰማ ጉዳዩ የእነርሱ ክልል እንዳልሆነ ነግሮኝ ከመንገዱ ማዶ ወዳለው ጣቢያ መራኝ። ማዶ ያሉት ደግሞ ሰውዬው የሚኖርበትን ካላወቅሁ፣ ዕቃውም በእጄ ከሌለ፣ የሚመዘገብ ነገር እንደሌለ ነገሩኝ። ሁለቱም እንደየራሳቸው ትክክል ነበሩ። በሁለቱ ትክክል መካከል ግን ሽጉጡ አለፈ።

እንግዲህ ዋናው ጥያቄዬ ይህ ነው፤ ብረት መሣሪያ የሚሆነው መቼ ነው? ከፋብሪካ ሲወጣ ነው? ቁጥር ሲታተምበት ነው? ጥይት ሲጎርስ ነው? ወይስ ሰው ሲያቆስል? እኔ በሙያዬ የምመልሰው መልስ አለኝ፤ መልሱን ከማቅረቤ በፊት ግን ሕጉ እስካሁን ከየት ተነሥቶ የት እንደደረሰ፣ አንድ ተራ ዜጋ አንብቦ ሊረዳ በሚችለው መጠን ልጥቀስ።

የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 481 የተከለከለ የጦር መሣሪያ ዝውውርን፣ ያለ ፈቃድ መሥራትን ጨምሮ፣ በወንጀልነት ይቀጣ ነበር። ይኸው ሕግ በአንቀጽ 808 ደግሞ ስለ መሣሪያና ስለ ጥይት ቁጥጥር የወጡ ደንቦችን መጣስ በደንብ መተላለፍ ክፍል ውስጥ አስገብቶ በቀላል ቅጣት ያልፈው ነበር። በአንድ ሕግ ውስጥ ለአንድ ዓይነት ድርጊት አንዱ ጠባብ፣ ሌላው ሰፊ የሆኑ ሁለት በሮች ነበሩ ማለት ነው፤ ሽጉጥ የተገኘበት ሰው በየትኛው በር ይገባል የሚለው ክርክር በየፍርድ ቤቱ ብዙ ዓመት ሲያከራክር ኖሯል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ይህን የተበታተነ ነገር ወደ አንድ ሰብስቦ ፈቃድን፣ ምዝገባንና ቁጥጥርን በአንድ ሥርዓት ለማስተዳደር መነሣቱ ትልቅ እርምጃ ነው፤ ይህን የማይቀበል ሰው ከአዋጁ በፊት የነበረውን ዝርክርክነት የረሳ ነው። የአዋጁን ቃላት የሕግ ሰዎች ይተርጉሟቸው። እኔ የምናገረው እነዚህ ቃላት በጣቢያ ጠረጴዛ ላይ፣ በአንድ ወጣት መርማሪ ፊት ሲደርሱ ስለሚሆነው ነው። እዚያ ላይ ሕጉ የተጻፈው ስለተጠናቀቀ፣ ስም ስላለው፣ ቁጥሩ ስለሚነበብ መሣሪያ እንደሆነ ተደርጎ ይታያል። በሥራ ላይ ያለ፣ ግማሹ መጫወቻ ግማሹ መግደያ የሆነ ነገር ሲቀርብለት ሕጉን የያዘው እጅ ያመነታል።

አዋጁ ከመውጣቱ ቀደም ብሎ በ2011 ዓ.ም. መንግሥት በአንድ ዓመት ውስጥ በአዲስ አበባና በሌሎች የአገሪቱ ክፍሎች ተያዙ ያላቸውን መሣሪያዎች ገልጾ ነበር፤ ከ33,000 በላይ ሽጉጥ፣ 275 ጠመንጃ፣ 21 መትረየስና 300,000 ያህል ጥይት። ይህን አኃዝ ያነበበ ሰው ሁሉ በብዛቱ ደነገጠ። እኔን ያሳሰበኝ ግን በሽጉጡና በጠመንጃው መካከል ያለው ልዩነት ነው። አንድ ጠመንጃ ሲያዝ ከመቶ በላይ ሽጉጥ ይያዝ ነበር። ይህ ለአርሶ አደር ወይም ለከብት ጠባቂ የተዘጋጀ ገበያ አይደለም፤ በጃኬት ሥር ለሚደበቅ፣ በከተማና በከተማ ዳርቻ ለሚሸጥ ዕቃ የተዘጋጀ ገበያ ነው። ቱርክ ሠራሽ የድምፅ ሽጉጦች (ድምፅ ብቻ እንዲያሰሙ የተሠሩ) በሱዳን፣ በሊቢያና በእኛም አገር ጥይት ወደሚተኩስ መሣሪያነት እየተቀየሩ መገኘታቸው በዘርፉ አጥኚዎች የተመዘገበ ነው። ስለዚህ ፖሊስ «ይህን ያህል ሽጉጥ ተያዘ» ብሎ ሲገልጽ፣ ስንቱ የፋብሪካ፣ ስንቱ የተቀየረ፣ ስንቱ ሙሉ በሙሉ በእጅ የተሠራ እንደሆነ ለይቶ መናገር ይገባዋል። በአንድ ስም የሚቆጠሩ ሦስት ነገሮች ሦስት መነሻ አላቸው፤ የመጀመሪያው በኬላ፣ ሁለተኛው በጉምሩክና በሥራ ቤት፣ ሦስተኛው በሥራ ቤት ብቻ ነው የሚገታው። ሁሉንም በኬላ ለማስቆም ስንሞክር የነዳጅ ቦቴ እየበረበርን እንኖራለን፤ ከኬላው ወዲህ ያለው ግን ሳይነካ ይቀራል።

በዚህ ላይ የምጨምረው የአንድ ሽማግሌ ጎረቤቴን ጉዳይ ነው። ከሰሜን ሸዋ ከልጃቸው ጋር ለመኖር ሲመጡ ከአባታቸው የወረሱትን ምንሽር ይዘው መጡ። ለእኒህ ሰው ምንሽሩ የሚተኮስ ዕቃ አይደለም፤ ጥይቱም በቀላሉ አይገኝም። በቅባት እያበሱ በጨርቅ ጠቅልለው ከአልጋቸው ራስጌ ያኖሩት የአባታቸው ስም ነው። በሕግ አምላክ ሲባል መቆም እንደሚገባ የተማሩ ሰው ናቸውና ራሳቸው ሄደው ለማስመዝገብ ጠየቁ። ከወረዳቸው ያመጡት ወረቀት እዚህ አያገለግልም ተባሉ፤ ምንሽሩም ተወሰደ፤ እርሳቸውም ቃል እንዲሰጡ ተደረጉ። መሣሪያቸው ግልጽ ነበር፤ ቁጥር አለው፣ የፋብሪካ ማኅተም አለው፣ ማንም ሲያየው መሣሪያ መሆኑን ያውቃል። እዚያው ሰፈር በፌስታል የሚዞረው ሽጉጥ ግን መሣሪያ መሆን አለመሆኑ ያከራክራል። በግልጽ የመጣው ተይዞ በስውር የሚሠራው ካለፈ፣ ሕጉ ሰዎችን የሚያስተምረው ምን እንደሆነ ክቡራን እንድታስቡበት እለምናለሁ። እኒህ ሽማግሌ ዳግመኛ ማንኛውንም ነገር ለማስመዝገብ ወደ ጣቢያ እንደማይሄዱ ነግረውኛል።

ይህ የወረዳ ወረቀት ነገር ከሌላው የባሰ ግጭት ያመጣል። ኢትዮጵያ በሚያዝያ 1996 ዓ.ም. ናይሮቢ ላይ የአነስተኛና ቀላል የጦር መሣሪያዎችን ለመቆጣጠር የተደረሰውን ፕሮቶኮል ከጎረቤቶቿ ጋር ፈርማለች። ስምምነቱ ፈራሚ አገሮች ያለ ፈቃድ መሣሪያ መሥራትን በወንጀል እንዲቀጡ፣ እያንዳንዱ መሣሪያ ሲሠራም ሆነ ወደ አገር ሲገባ መለያ ምልክት እንዲታተምበት፣ ሲቪል ሰዎችም አውቶማቲክና ከፊል አውቶማቲክ ጠመንጃ እንዳይዙ ይጠይቃል። በአንጻሩ በብዙ ክልሎች ክላሽ የያዘ አርሶ አደር በአካባቢው ተመዝግቦ በሰላም ይኖራል። አርሶ አደሩ ትጥቁን ይፍታ እያልሁ አይደለም፤ እርሱ ከእኔ ይልቅ ጸጥታውን ስለማስጠበቅ የሚያውቀው ነገር አለ፤ ጉዳዩም በአንድ ደብዳቤ የሚቆረጥ አይደለም። የምለው፣ የፈረምነው ሌላ፣ የምናስመዘግበው ሌላ፣ የምንከሰው ደግሞ ሌላ ሲሆን፣ ሕጉን ለመጣስ የሚፈልግ ሰው በሦስቱ መካከል ሰፊ መተላለፊያ ያገኛል ነው።

መተላለፊያው በእኛ ሰፈር በዓይን ይታያል። እኔ ከቤቴ ወደ ሥራ ስሄድ መንገዱን አቋርጣለሁ፤ ከመንገዱ ወዲህ የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር፣ ከመንገዱ ማዶ የኦሮሚያ ክልሉ የሸገር ከተማ ነው። በ2014 ዓ.ም. የሁለቱ ወሰን ከተለየ በኋላ ብዙ የአስተዳደር ጥያቄ መልስ አግኝቷል፤ ለቀበሌ መታወቂያም ለግንባታ ፈቃድም ወዴት እንደምንሄድ አውቀናል። ለጸጥታ ጉዳይ ግን ወሰኑ ግድግዳ ሆኖብናል። በፉሪ፣ በለገጣፎ፣ በቡራዩ፣ በኮዬ ፈጬ ዙሪያ የሚኖር ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል፤ ማታ ማታ አንድ ዕቃ መጋዘን የሚጠብቅ ዘበኛ ጭምር ከግቢው በር ወጥቶ ጥቂት እርምጃ ሲራመድ በሌላ ፖሊስ ሥልጣን ሥር ነው። መሣሪያ የሚነግድ ሰው ይህን ከማንም በላይ ጠንቅቆ ያውቃል። ሥራ ቤቱን ወዲህ፣ ገዢውን ማዶ፣ ማደሪያውን ሌላ ቦታ ያደርጋል።

አሁን ወደ ሙያዬ መልስ ልመለስ። እንደ ብረት ሠራተኛ አንድን ነገር መሣሪያ የሚያደርገው ያለቀ መልኩ አይደለም። በውስጡ የባሩድ ግፊትን የሚሸከሙ፣ ጥይትን የሚይዙና አቅጣጫ የሚሰጡ ጥቂት አካላት አሉ። ሰደፉን ከእንጨትም ከፕላስቲክም መሥራት ይቻላል፤ ቃታውን፣ ሞላውን፣ ቡሎኑን ሁሉ ከሌላ ማሽን ማምጣት ይቻላል፤ እነዚያ የግፊት አካላት ግን ሌላ ጥቅም የላቸውም። ሕጉ እነዚህን አካላት ራሳቸውን እንደ መሣሪያ ቆጥሮ፣ ያለ ፈቃድ መሥራታቸውን፣ መቀየራቸውንና መያዛቸውን በግልጽ ቢከለክል፣ መርማሪው «ይተኩሳል ወይስ አይተኩስም» ብሎ የሚጨነቅበት ምክንያት አይኖርም። በፌስታል ተጠቅልሎ የመጣልኝ ነገር ያለጥርጥር መሣሪያ ይሆን ነበር፤ እኔም በእጄ ላይ ያቆየሁት መረጃ ባይኖር እንኳ የሚመዘገብ ቃል ይኖረኝ ነበር።

ይህን የጠየቅሁት ብቻዬን አይደለም፤ ሌሎችም አገሮች ይህንኑ ጥያቄ በብዙ ዋጋ ተምረውታል። በአሜሪካ በ1968 እ.ኤ.አ. የወጣው ሕግ ፋብሪካዎችና አስመጪዎች በመሣሪያ ላይ ቁጥር እንዲያትሙ ሲያስገድድ፣ ለራሱ መጠቀሚያ የሚሠራ ግለሰብ ግን ፈቃድ አያስፈልገውም ነበር። ነጋዴዎች በዚህ ቀዳዳ ገብተው ያላለቀ የመሣሪያ አካል ከማሟያው ጋር በሳጥን አድርገው ይሸጡ ጀመር፤ ያላለቀ ስለሆነ መሣሪያ አይደለም ተባለ፤ ገዢው ቤቱ ወስዶ ሲጨርሰው ቁጥር የሌለው ሽጉጥ ይሆናል። መንግሥት በ2022 እ.ኤ.አ. እነዚህ ሳጥኖች እንደ መሣሪያ እንዲቆጠሩ ደንብ አወጣ፤ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ደንቡን አጸናው። የአሜሪካ ሰው መሣሪያ የመያዝ መብት በሕገ መንግሥቱ የተጻፈለት ነው፤ እንዲያም ሆኖ ያላለቀ ብረትም መሣሪያ ሊሆን እንደሚችል ተቀብሏል። በአውሮፓም በጃንዋሪ 2015 እ.ኤ.አ. በፓሪስ ለተፈጸመው ጥቃት ከዋሉት መሣሪያዎች መካከል በስሎቫኪያ ድምፅ ብቻ እንዲያሰሙ ተደርገው ተሸጠው ኋላ ዳግመኛ የተቀየሩ ጠመንጃዎች እንደነበሩ ከታወቀ በኋላ፣ የድምፅ መሣሪያዎች ከመነሻቸው ሊቀየሩ በማይችሉበት መንገድ እንዲሠሩ የሚያስገድድ ዝርዝር መመሪያ ወጥቷል። እንግሊዝ ደግሞ በፌብሯሪ 2025 እ.ኤ.አ. ከሌላ አገር ሳይሆን ከዚያችው ከቱርክ የሚመጡ የተወሰኑ የድምፅ ሽጉጦች በቀላሉ እንደሚቀየሩ አረጋግጣ፣ ባለቤቶቻቸው ሳይጠየቁ እንዲያስረክቡ አራት ሳምንት ሰጥታ፣ ከዚያ በኋላ መያዛቸውን ወንጀል አድርጋለች። እዚያ ያለው ዕቃና እኛ ሰፈር እጅ የሚቆርጠው ዕቃ አንድ ዓይነት ነው።

ጃፓን የመሣሪያ ቁጥጥሯ ከዓለም ጥብቅ ከሚባሉት አንዱ ነው። ሆኖም ሐምሌ 1 ቀን 2014 ዓ.ም. የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር ሺንዞ አቤ በናራ ከተማ የተገደሉት አንድ ግለሰብ ከቱቦ በሠራው መሣሪያ ነበር። ከዚያ በኋላ ጃፓን ሕጓን ስታሻሽል አሠራሩን በኢንተርኔት ማሰራጨትንም በቅጣት አስገብታለች። ይህን የማነሣው ጥብቅ ሕግ ከንቱ ነው ለማለት ሳይሆን፣ በኬላ ላይ ብቻ የቆመ ሕግ በኬላ ያላለፈውን እንደማያይ ለማሳየት ነው።

እኛ ደግሞ ከመሣሪያ ሥራ ጋር ያለን ዝምድና አዲስ አይደለም። ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት የብረት ሠራተኞችን ሰብስበው ሴባስቶፖል የተባለውን ወደ 7 ቶን የሚመዝን መድፍ አስቀልጠው ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ፣ መሣሪያ መሥራት የመንግሥት ጉዳይ መሆኑን ለሁሉም አሳይተዋል። በአንጻሩ ቀጥቃጩ፣ ባለ እጁ፣ ብረት ሠራተኛው በመንደሩ ይናቅና ቡዳ እየተባለ ይሰደብ ነበር፤ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ሥራ ሰዎችን መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከማውጣት ደርሰዋል። ዛሬ ብረት ሠራተኛው እንደዚያ አይሰደብም፤ በዚህ ጉዳይ ግን እንደሌለ ይቆጠራል። ከመሣሪያ ቁጥጥር ጋር በተያያዘ በሰፈሬ ስብሰባ ሲደረግ ዕድሮች፣ የሃይማኖት አባቶች፣ የጥበቃ ኤጀንሲዎች ሲጠሩ አይቻለሁ፤ ቶርኖ ቤቶች ሲጠሩ አላየሁም። እኛ ደግሞ በመጀመሪያ ልንጠራ የሚገባን ነን፤ ይህን ሥራ ልንሠራም ልናስቆምም የምንችለው እኛ ነንና።

ስለዚህ ቶርኖ፣ ፍሬዛና ትራፓኖ (የብረት መቅረጫ፣ መቁረጫና መብሻ ማሽኖች) ያላቸው ሥራ ቤቶች ሁሉ አንድ ግልጽ መመሪያ በእጃቸው እንዲሰጣቸው እጠይቃለሁ። መመሪያው ምን ዓይነት ሥራ መቀበል እንደማይቻል በሥዕል ሳይሆን በቃል፣ ለማንም ማስተማሪያ በማይሆን መንገድ ያስረዳ፤ የቀረበልንን አጠራጣሪ ሥራ የምናሳውቅበት አንድ ስልክና አንድ ቢሮ ይኑር፤ ያሳወቀ ባለሙያም በጥርጣሬ ዓይን እንዳይታይ፣ ስሙም እንዲጠበቅ ሕግ ይደንግግ። «እርስዎ በምን አወቁ?» የሚለው ጥያቄ ወንጀል ሊከላከል የመጣን ሰው ለማስደንገጥ ሳይሆን ዕውቀቱን ለመጠቀም መጠየቅ አለበት። ያለ ፈቃድ የሚቀይረው ባለሙያ ደግሞ ከያዡ ዘበኛ በላይ እንዲጠየቅ፣ ሽጉጡን ገዝቶ በሠራተኛው እጅ ያስያዘ አሠሪም ከምስክርነት ወንበር ወደ ተከሳሽ ሳጥን እንዲዛወር እማጸናለሁ። ይህን ስል የሙያ ጓደኞቼን እየወነጀልሁ እንደሆነ አውቃለሁ። ሁለት ጣት ያጣው ልጅ ብረት ሲያወርድልኝ የነበረበትን እጁን ማየት ግን እኔን ያስጨንቀኛል።

የድምፅ ሽጉጥ ወደ አገር ሲገባ በመጫወቻ ወይም በማስጠንቀቂያ መሣሪያ ስም ሳይሆን በጦር መሣሪያ ፈቃድ ብቻ እንዲገባ ጉምሩክና ፌዴራል ፖሊስ አንድ ላይ ቢወስኑ፣ ብዙ ድካም ከመጀመሪያው ይቀራል። በእጃቸው ያለውም እንደ እንግሊዙ የተወሰነ ጊዜ ተሰጥቶት፣ ያለ ክስ የሚረከብበት መንገድ ቢከፈት ብዙ ሰው ይመጣል፤ በዘበኝነት የሚኖሩ ድሆች ሽጉጡን የሚይዙት ወደውት አይደለም። የወረሱትን አሮጌ ምንሽር፣ ውጅግራ ወይም አልቤን ይዘው ወደ ከተማ ለሚመጡ ሰዎች ደግሞ ከዝውውር የተለየ፣ አጭር የማስመዝገቢያ ሥርዓት ይኑር። በመንገዱ በሁለቱም በኩል ያሉት የአዲስ አበባና የሸገር ከተማ ፖሊሶችም ቢያንስ ለዚህ ጉዳይ አንድ የጋራ መዝገብ ይያዙ።

ከላይ የጠቀስሁት ወጣት ጉዳይ እስከ ዛሬ አልተዘጋም፤ በዋስ ወጥቶ ከአክስቱ ጋር ይኖራል፤ በግራ እጁ መጻፍ እየተማረ ነው። የእርሱ መዝገብ እንደገና ታይቶ ሽጉጡን የሸጠውና የቀየረው ሰው እንዲፈለግ በዚህ አጋጣሚ እጠይቃለሁ። የፈነዳው ሽጉጥ ቁራጭ በኤግዚቢትነት ተይዟል። ብረቱ በምን መሣሪያ እንደተነካ፣ በቶርኖ ይሁን በእጅ ትራፓኖ፣ በልምድ ባለው ሰው ይሁን በጀማሪ፣ ቁራጩን የሚያይ ባለሙያ ብዙ ነገር ሊያነብበት ይችላል። ለዚህ ምርመራ የሚጠራኝ ካለ ካሊብሮዬን (መለኪያዬን) ይዤ፣ የሥራ ቀኔን ትቼ፣ ያለ ክፍያ እመጣለሁ። ሥራ ቤቴ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ክፍት ነው፤ ከሁለቱም ጣቢያ በእግር ይደረሳል።

ከአክብሮት ጋር፣
ከአዲስ አበባ ዳርቻ አንድ የቶርኖ ባለሙያ